ለእንግዶቹ የሄደው ምርቃት

የደባርቅ ኳስ ሜዳ ከቤተ ክርስቲያናችን ቅጥር በታች ነው። በመካከላቸው አንድ መንገድና አንድ ረድፍ ባሕር ዛፍ አለ። ካገባሁ ጀምሮ እሑድ ከቅዳሴ ወጥቼ፣ ቤቴ ገብቼ ቤተሰቡን አብልቼ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ከሦስተኛው ባሕር ዛፍ ሥር እቆማለሁ። የከተማችንን ቡድን ሲያሸንፍም ሲሸነፍም ያየሁት ከዚያ ነው። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ለኳስ ግድ አልነበረውም። «አንቺ ሂጂ፣ እኔ ቤት እጠብቃለሁ» ይለኝ ነበር። ጎረቤት ይስቅበታል፤ እሱም አብሮ ይስቃል።

የተወለድሁት ዳባት ነው። ደባርቅ ተዳርሁ፣ ደባርቅ ወለድሁ፣ የደባርቅ ደጋፊ ሆንሁ። ከዳባት ጋር በተጫወትን ቁጥር «ዛሬስ ለማን ነዎት?» እያሉ ይነካኩኛል። «ለወለድሁበት እንጂ ለተወለድሁበት አይደለም» እላቸዋለሁ።

የመጨረሻ ልጄን በአንቀልባ አዝዬ ነበር ሜዳ የምወርደው። ጎል ሲገባ እኔ ስዘል እሱ ጀርባዬ ላይ ይነቃና ያለቅሳል። አድጎ የዚያው ቡድን ተከላካይ ሆነ። ከዚህ በላይ ምን እለምናለሁ ብዬ ነበር።

አምና በዚያው ሜዳ፣ ከዛፌ ፊት ለፊት፣ ቀኝ እግሩ ተሰበረ። ድምፁን ከቆምሁበት ሰማሁት። ጎንደር ወስደን ታከመ፣ ብረት ገባለት፣ ብዙ ወር በክራንች ሄደ። ሐኪሙ በመጨረሻ «ድኗል፣ መጫወትም ይችላል። እዚያው ላይ ዳግመኛ ከተሰበረ ግን እንደዚህ አይጠገንም» አለን።

ከዚያ ወዲህ ሜዳ አልወረድሁም። ጨዋታ ሲኖር ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሥር ተቀምጬ ዳዊቴን እደግማለሁ። ጩኸቱ ከታች ይመጣል። ለለመደ ጆሮ ጩኸት ይለያል፤ የጎሉ ሌላ ነው፣ ለጥቂት የሳተው ሌላ ነው፣ ዳኛው የሚሰደብበት ሌላ ነው። ስንት ጊዜ ያነበብሁትን መስመር መልሼ እንዳነበብሁ እግዚአብሔር ያውቃል።

በጾመ ነቢያት አንድ ማታ ልጄ ምድጃው አጠገብ ተቀመጠ።

«እማዬ፣ እሑድ እገባለሁ።»

«ከማን ጋር ነው?»

«ከዳባት።»

ሽሮውን አማሰልሁ።

«አትከልክይኝ» አለ።

«መቼ ከለከልሁህ?»

«ዝም ስትዪ ነዋ።»

በማግሥቱ አሰልጣኙ ቤቴ መጣ። አስተማሪ ነው፤ ልጄን ሒሳብ ያስተማረው እሱ ነው። በቡድናችን አንድ ልማድ አለ። በሜዳችን ስንጫወት፣ ጨዋታው ሳይጀመር አንድ አባት ወይም ሽማግሌ ሜዳው ውስጥ ገብቶ ልጆቹን ይመርቃል። ለብዙ ዓመት የመረቁት የንስሐ አባቴ ነበሩ። አሁን ጉልበታቸው ደክሞ ከቤት አይወጡም።

«ማን ይተካዎት ብዬ ስጠይቃቸው እርስዎን ጠሩ» አለኝ።

«እኔን? ሜዳ ገብታ የመረቀች ሴት አለች?»

«እኔም እንደዚሁ አልኋቸው። 'ከሁላችሁ በላይ እዚያ ሜዳ ላይ የቆመች እሷ ናት። እናት ያልመረቀች ማን ሊመርቅ ነው? ደግሞ ከግንቡ ሥር ተነሥታ ትውረድ በላት' አሉኝ።»

ከግንቡ ሥር መቀመጤን ለአባ አልነገርኋቸውም ነበር። አባ ካሉ ምን እላለሁ? እሺ አልሁ።

እሑድ ፀሐይ ነበር፤ ከተራራው የሚወርደው ነፋስ ግን ይቆርጣል። ለበዓል የማስቀምጠውን ነጠላ ለበስሁ። ያን ሁሉ ዓመት በኖራ የተሰመረውን መስመር አንድ ቀን አልፌ አላውቅም። እዚያ ስደርስ ጫማዬን ላወልቅ ምንም አልቀረኝም። አሰልጣኙ «ይግቡ እማማ፣ ልጆቹ እየጠበቁዎት ነው» ብሎኝ ዳኛው ሲጠራው ወደዚያ ሮጠ።

የኛ ልጆች መለያ አረንጓዴ ነው። ያን ቀን ዳባቶችም አረንጓዴ ለብሰው መጥተዋል። እኛ ዘንድ እንግዳን ልብስህን ለውጥ ማለት ነውር ነው። ስለዚህ የኛዎቹ አረንጓዴውን አውልቀው ነጭ ለብሰዋል። ይህን የነገረኝ የለም። ዓይኔም ከጥቂት ዓመት ወዲህ ደመና ለብሷል፤ ፀሐዩም ከፊቴ ነበር። አረንጓዴውን አይቼ ወደ አረንጓዴው ሄድሁ።

ነጠላ የለበሰች እናት እጇን ዘርግታ ስትመጣ ሲያዩ ሁሉም ተንበርክከው አንገታቸውን ደፉ። ልጄ ከመካከላቸው ያለ መሰለኝ።

«ከክፉ ይሰውራችሁ» አልሁ።

«አሜን።»

«እግራችሁ አይሰበር።»

«አሜን።»

«የሰው እግርም አትስበሩ።»

«አሜን።»

«በሰላም ወጥታችሁ በሰላም ወደ እናቶቻችሁ ግቡ።»

«አሜን» አሉ፤ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። ፊታቸውን አየሁ። አንዱንም አላውቀውም።

መራቂን ማቋረጥ ነውር ነው፤ ልጆቹ ጨዋዎች ናቸውና ዝም ብለው ተቀብለዋል። ዝም ያላለው የኛ ደጋፊ ነው። ከባሕር ዛፉ በኩል ጩኸት ተነሣ።

«ኧረ እማማ! የመረቁት ዳባትን ነው እኮ!»

«ደም ይስባል! ደም ይስባል!»

«መልሰው ይውሰዱት!»

«ምርቃት ከአፍ ከወጣ በኋላ ይመለሳል እንዴ? አንተ ደግሞ!»

ወደ ነጮቹ ልሄድ ዞር ስል ዳኛው ፊሽካውን ነፋ። ልጄ ከሜዳው ማዶ እጁን አንሥቶ ይስቃል። እኔ አልሣቅሁም። ወደ ሦስተኛው ባሕር ዛፍ ተመለስሁ። ለልጄ እግር ያዘጋጀሁት ቃል ለሰው ልጆች ሄዷል፤ እሱ ያለ ምርቃት ገብቷል። ለእንግዶቹ መድረሱ ቆጨኝ። ይህን ኋላ ለአባ ተናዝዣለሁ።

በመጀመሪያው አጋማሽ ሮጠ፣ ዘለለ፣ ወደቀ፣ ተነሣ። በወደቀ ቁጥር የዛፉን ልጥ በጥፍሬ እልጥ ነበር።

ከዕረፍት በኋላ አንድ ረጅም ኳስ ከበረኛችን ፊት አረፈ። ልጄ ሊያወጣው ተንሸራተተ፤ ቀኝ እግሩ ተዘርግቷል። የዳባቱ አጥቂ፣ አንድ ረጅም ልጅ፣ በሙሉ ኃይሉ እየሮጠ መጣ። ቦታው የአምናው ነው፤ እግሩም የአምናው። ዓይኔን ጨፈንሁ።

ድምፁን ጠበቅሁ፤ አልመጣም።

ዓይኔን ስገልጥ ልጄ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። አጥቂው ከእሱ አልፎ ሣሩ ላይ ተንከባሎ ወድቋል። ለካ ከእግሩ በላይ ዘሎ ነው። ኳሱ ብቻውን ከጎሉ አጠገብ አልፎ ወጣ። የዳባት ልጆች በአጥቂያቸው ላይ ጮኹ።

«ምን ነካህ? ብትመታው ጎል ነበር እኮ!»

እሱ ቁምጣውን አራግፎ ተነሣ፤ ልጄንም በእጁ ስቦ አነሣው።

ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ዳባቶች ከማዕዘን የተሻማ ኳስ በጭንቅላት ገጭተው አገቡብን። ተሸነፍን። ከአጠገቤ የቆመው ሰው ወደ እኔ ዞረ።

«እማማ፣ ጭንቅላታቸውንም መርቀውት ነበር?»

«አይ፣ ጭንቅላቱን ረስቼዋለሁ።»

«ባይረሱት ኖሮ ስንት ያገቡብን ነበር!»

ሰው ሁሉ ሣቀ፤ እኔም ሣቅሁ። ስንሸነፍ የሣቅሁት በዕድሜዬ ያን ቀን ብቻ ነው።

ሰዉ ሲበተን ያ ረጅም ልጅ ወደ ዛፉ መጣ። ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመ።

«እማማ፣ የዳባት ልጅ ነዎት አሉኝ። ለካ አውቀው ነው የመረቁን።»

«አይ ልጄ፣ ዓይኔ ነው ያሳሳተኝ።»

«ይሁን፤ ደርሶናል።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያን ኳስ ልመታው ነበር። እግሩን አየሁት። የሰው እግር አትስበሩ ሲሉ አሜን ብያለሁ፤ እንዴት አድርጌ ልምታ?»

የማንን እግር እንዳለፈ አላወቀም ነበር። ልጄ ሳያነክስ እየተራመደ ሲመጣ በእጄ አሳየሁት። «ልጄ ነው» አልሁት። አጥቂው አንዴ እኔን፣ አንዴ ልጄን አየና በእጁ አፉን ያዘ። ግንባሩን ሳምሁት። እናቱ ዳባት ሆና ያን ሰዓት ምን ትሠራ እንደነበር አላውቅም፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ስሟን ሳላውቅ በጸሎቴ አስባታለሁ።

ወደ ቤት ስንሄድ አጥቂው ያለኝን ለልጄ ነገርሁት። እሱም ክንዴን ይዞ በመንገዱ መካከል ቆመ።

«እማዬ፣ ለእኛስ?»

እዚያው መረቅሁት። አንድ ቃል አልጨመርሁም፣ አንድ ቃል አልቀነስሁም። «አሜን» አለ፤ ከዚያም «ከእንግዲህ እንግዶቹን አስቀድሚ» አለኝ።

እንደዚያው ሆነ። አሁን በሜዳችን ጨዋታ ሲኖር የኖራውን መስመር አልፌ መጀመሪያ ወደ እንግዶቹ እሄዳለሁ፤ የኛዎቹ ቆይተው ይደርሳቸዋል። ደጋፊው አሁንም ያጉረመርማል። «ቢያንስ ጭንቅላታቸውን አይንኩ!» እያለ ከዛፉ ሥር ይጮኽብኛል። እኔም ጭንቅላቱን አልነካም። እግሩን ብቻ እመርቃለሁ።