ጸጥ ያለው ካቢን

ነገሩ የሆነው ባለፈው ሰመር ነው። እስካሁን ያልረሳሁት በመርከብ መሄዱ ብርቅ ሆኖብኝ አይደለም። በገዛ ይሉኝታዬ ሁለት ሌሊት ሙሉ ከሞተር ጋር ስላደርኩ ነው።

የምኖረው ካናዳ፣ ስካርቦሮ፣ ልጄ ሂሩት ቤት ነው። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ኮሽ ካለ ነቃሁ ነው። ጎረቤት በር ሲዘጋ እኔ አልጋዬ ላይ ቁጭ እላለሁ። ሂሩት ይህን አይታ፣ "እማዬ፣ አራት ቀን ወንዝ ላይ ትሄጃለሽ፤ ጸጥ ያለ ካቢን፣ የመርከብ መኝታ ክፍል፣ እይዝልሻለሁ፤ እንቅልፍሽን ትጠግቢያለሽ" አለችኝ። ብቻዬን እንዳልሆን የባሏ የዳዊት እናት ወይዘሮ አስካለም አብረውኝ እንዲሄዱ ሆነ። ከአገር ቤት ከመጡ ገና አምስት ወራቸው ነበር። ተከባብረን የምንፈራራበት ጊዜ ነው እንግዲህ።

የካቢኑ ምርጫ ሳምንት ፈጀ። ሂሩት የመርከቡን ፕላን ኮምፒውተር ላይ እየከፈተች ታሳየኛለች። እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ፊደሉንም የለቀምኩት ከልጆቼ ደብተር ላይ ነው። ፕላን የተባለው ነገር የእንቁላል መደርደሪያ መሰለኝ።

"ይሄ ሊፍት አጠገብ ነው፣ ይረብሽሻል። ይሄ ኪችኑ ላይ ነው፣ ሳህን ሲንኳኳ ነው የሚውለው። ይሄኛው መሀል ላይ ነው፣ ከሁሉም የራቀ። ይሄ ያንቺ ነው" አለች።

ለወይዘሮ አስካለ የተረፈው መጨረሻ ላይ፣ ሞተሩ አጠገብ ያለው ብቻ ነበር።

እንዴት ተደርጎ! የልጄን ባል እናት፣ ያውም እንግዳ፣ ሞተር ጎን አስተኝቼ እኔ ልመቻች? ኪንግስተን ወደብ ላይ መርከቡ ውስጥ እንደገባን ቁልፌን ዘረጋሁላቸው።

"መሀለኛው የእርስዎ ነው።"

"ኧረ በፍጹም! ልጅዎ ለእርስዎ መርጣ?"

"በሞቴ!"

"እኔ ልሙት፣ አይሆንም!"

"አፈር ስሆን!"

ሻንጣችንን የያዘው ሰውዬ የተጣላን መስሎት መሀላችን ገባ። እውነቱን ልናገርና፣ አንድ ጊዜ ደግመው እምቢ ቢሉኝ ቁልፌን መልሼ ኪሴ እከት ነበር። ሦስተኛው ልመና ላይ ግን፣ "እሺ፣ እንዳላስቀይምዎት" ብለው ተቀበሉኝ።

ሞተሩ ጎን ያለው ክፍል አልጋው ይንዘፈዘፋል፣ ግድግዳው ያጉረመርማል። ብርጭቆ ውስጥ ያስቀመጥኩት ሰው ሠራሽ ጥርሴ እንኳ ለብቻው ሲያወራ ነው ያደረው።

ጠዋት ቁርስ ላይ፣ "እንዴት አደሩ?" አልኳቸው።

"ተመስገን! ድብን ያለ እንቅልፍ። እርስዎስ?"

"እኔማ መንጋቱንም አላወቅሁ።"

ዓይናቸው ደም መስሏል። የወንዙ ንፋስ ነው አልኩ በሆዴ። በማግስቱም እንደዚያው ተዋሸን። አስጎብኚዋ በማይክራፎን ደሴቱን ሁሉ ስታሳይ እኔና እሳቸው ወንበር ላይ እናንጎላጃለን። ሌላው ሰው ያጨበጭባል፣ እኛ ብንን ብለን እናጨበጭባለን።

በሦስተኛው ቀን ከምሳ በኋላ ሹራቤን ላመጣ ወደ ክፍሌ ወረድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ብገባ አልጋዬ ላይ ሰው! ልጮህ አፌን ከፍቼ ልብ ብዬ ሳይ ወይዘሮ አስካለ ናቸው። ጫማቸውን አልጋው ሥር ደርድረው ከሞተሩ ጋር እየተፎካከሩ ያንኮራፋሉ። ለካ የጽዳት ሠራተኛዋን በእጅ ምልክት ለምነው አስከፍተዋል።

ነቅተው ሲያዩኝ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት።

"ይቅር ይበሉኝ፣ የሂሩት እናት። ሠላሳ ዓመት የኖርኩት ወፍጮ ቤት ጎን ነው። ጸጥ ካለ ዓይኔ አይከደንም። እዚያ ክፍል ሁለት ሌሊት ጣሪያ ላይ እንዳፈጠጥኩ ነጋልኝ።"

"ታዲያ ለምን ተቀበሉኝ?"

"ያን ያህል ሲለምኑኝ እምቢ ልበልዎት?"

አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ እንባዬ እስኪፈስ ሳቅሁ። እሳቸውም በነጠላው ውስጥ ሲንፈቀፈቁ ይሰማኛል። ቁልፍ ተለዋወጥን። መሀለኛው ክፍል ገብቼ ጋደም ከማለቴ ወሰደኝ። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም። በማግስቱ ኩቤክ ደርሰን ሰው ሁሉ ከተማውን ሊያይ ሲወርድ እኛ በየክፍላችን ለሽ ብለናል። ሂሩት ፎቶ ብትጠይቀን ያለን አንድ ብቻ ነው፤ ጸጉራችን ተንጨባሮ፣ ጉንጫችን ላይ የትራስ መስመር ታትሞ።

አሁን ሳስበው ከማሳዘን ይልቅ ያስቀኛል። ያን ቀን፣ "ከእንግዲህ በመካከላችን በሞቴ መባባል ቀረ፣ እውነቱን እንነጋገር" ተባብለናል።

ባለፈው እሑድ ዳዊት ኢቶቢኮ ቤተ ክርስቲያን ሊያደርሰን መኪናውን አስነሳ። ወይዘሮ አስካለ የፊተኛውን በር ከፍተው፣ "ይግቡ" አሉኝ። በቃላችን መሠረት በመጀመሪያው "እሺ" ብዬ ገባሁ። እሳቸው ግን እስክንደርስ ድረስ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ስንመለስ ቀደም ብዬ ከኋላ ገባሁ።

"እግሬን የሚመቸኝ እዚህ ነው" አልኳቸው። ፊታቸው በራ።

አይመቸኝም።