በጨፋ ሜዳ ጉራቻውን የመረጥኩ ጊዜ

ዓርብ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል፣ ደሴ

መናኸሪያው ገና ጭጋግ ለብሷል። ረዳቱ «ከሚሴ! ከሚሴ! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ይጮኻል፤ ሚኒባሱ ውስጥ ያለነው ግን ሦስት ነን። ሁለት መቶ ብር ከፍዬ ከሹፌሩ ኋላ ተቀመጥኩ። ቦርሳዬ ውስጥ ደብተር፣ የልብስ ሰፊ ሜትርና ለአጎቴ ሚስት ለእትዬ ዘይነባ የገዛሁት ሻሽ አለ።

ሜትሩ ለፈረስ ነው። የቆያችሁ አንባቢዎቼ እንደምታውቁት፣ በየገጠሩ የሚደረገውን የፈረስ ግልቢያ እየተከታተልኩ የትኛው ሊቀድም እንደሚችል አስቀድሜ እዚህ እጽፋለሁ። ጉግስ አይደለም፤ ዘንግ የለም፣ ጋሻ የለም። ሜዳ ላይ ቀጥ ብሎ ሮጦ ቀድሞ መድረስ ብቻ ነው። አንዳንዴ ይሳካልኛል፣ አንዳንዴ አይሳካልኝም፤ ብሳሳትም የሚጎዳ ሰው የለም።

የዛሬው ይለያል። ጋሼ ሙሄ የእናቴ ወንድም ናቸው፤ ከከሚሴ ወጣ ብሎ ጨፋ ሸለቆ ውስጥ ያርሳሉ። ሦስት ዓመት በተከታታይ በገዛ ባዝራቸው፣ በቀይዋ መጋላ ጋልበው፣ ሦስቱንም ዓመት ሁለተኛ ወጡ። አሁን ሃምሳ አራት ዓመታቸው ነው፤ ጉልበታቸውንም ያማቸዋል። ባለፈው ሳምንት ደውለው «ዘንድሮ የመጨረሻዬ ነው» አሉኝ። «ጎረቤቴ እንድሪስ ጥቁሩን ፈረሱን፣ ጉራቻውን፣ ላውስህ ብሎኛል። በመጋላዋ ልውጣ በጉራቻው? ነይና በዓይንሽ አይተሽ ንገሪኝ። ያልሽውን እጋልባለሁ።»

ሌሊቱን በደንብ አልተኛሁም።

2 ሰዓት ከሩብ፣ ሐርቡ

ከኮምቦልቻ ቁልቁል ስንወርድ ሹራቤን አወለቅኩ። ሐርቡ ላይ መኪናው ገና ሳይቆም የብርቱካን ሻጮች መስኮቱን ከበቡት። ሹፌሩ አንድ ፌስታል ገዝቶ እየላጠ ለምን እንደምሄድ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት።

«ለፈረስ ነው ከደሴ የመጣሽው? ደሴ ጋሪ ጠፋ እንዴ?» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ግን ኮስተር አለ። «በይ ስሚኝ፣ የአርጡማው አምባላይ ነው የሚበላው። ነጩ።»

«እንዴት አወቁ?»

«አምና በላ አይደል!»

ይህን ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ብዙ ሰው ፈረስ የሚመርጠው እንዲህ ነው። አምና ያሸነፈ ፈረስ ዘንድሮ አንድ ዓመት ጨምሯል፤ ሜዳውም ያው ሜዳ ላይሆን ይችላል።

3 ሰዓት ከሃያ፣ ከሚሴ

ባጃጅ፣ ፓፓያ፣ አቧራ፣ የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ። ጋሼ ሙሄ ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው መንገድ ዳር ቆመው ይጠብቁኛል።

«አከም ጅርታ፣ ኢንተለ ኮ!» አሉ፤ እንዴት ነሽ ልጄ ማለታቸው ነው።

«ነጌያ፣ ጋሼ። እርስዎስ? ጉልበትዎ እንዴት ነው?»

«አልሐምዱሊላህ። ፈረስ ላይ ስወጣ ይረሳኛል፣ ስወርድ ያስታውሰኛል።»

ቤት ስንደርስ ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ ጨጨብሳ በቅቤ አቀረቡልኝ። ሻሹን ተቀብለው እዚያው አሰሩትና «ይቺ ልጅ አትናገርም እንጂ ታውቃለች» አሉ። የተናገሩት ለእኔ ይሁን ለባላቸው አልገባኝም።

ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ቦርከና ዳር

ሁለቱን ፈረሶች ወንዙ ዳር ወዳለው እርጥብ ዋልካ ወሰድናቸው። መጀመሪያ የማየው እርምጃ ነው፤ ፈረስ ረጋ ብሎ ሲሄድ የኋላ ኮቴው የፊቱን ዱካ በስንት እንደሚያልፈው። ብዙ የሚያልፍ ፈረስ ሲሮጥም እርምጃው ረጅም ነው። ተንበርክኬ ለካሁ። መጋላዋ ስንዝር አትሞላም። ጉራቻው ስንዝር ተኩል አለፈ! እንደገና አስመላለስኩትና ለካሁ፤ ያው ነው።

ቀጥሎ ጋሼ ሙሄ በየተራ ጋለቧቸው፤ እኔ ስልኬን ይዤ ሰዓት ቆጠርኩ። እስከ ግማሹ መጋላዋ ትፈጥናለች። ከዚያ በኋላ ጉራቻው የተለየ ፍጥረት ነው። ሲመለሱ የጎናቸውን እንቅስቃሴ እያየሁ ትንፋሻቸውን ቆጠርኩ። ጉራቻው ቶሎ ረጋ፤ መጋላዋ ግን ጎኗ እንደ ወናፍ እየተነፋ ቆየች። ጉራቻው ያደገው ደጋ ላይ፣ ዳገት እየወጣ ነው፤ ደረቱን ስታዩት ይገባችኋል።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። ግልቢያውን የሚመሩት ሽማግሌዎች ዘንድሮ መነሻውን ከትልቁ ሾላ ኋላ ወስደውታል፤ መንገዱ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። መጋላዋ በአጭሩ ሜዳ እንኳ በሦስቱም ዓመት የተቀደመችው የመጨረሻዋ መቶ እርምጃ ላይ ነው።

የምጠላው ሰዓት መጣ። ሰው ፊት ለፊት እያዩ እንዲህ ያለ ነገር መናገር ለእኔ ከባድ ነው።

«ጋሼ… መጋላዋ ሁለተኛ የወጣችው ዕድል አጥታ አይደለም። አቅሟ እዚያ ድረስ ነው።»

የባዝራዋን ግንባር አሻሹ።

«ያላትን ሁሉ ሰጥታኛለች ማለትሽ ነው?»

«አዎ።»

«በቃ ትረፍ» አሉ። «ጉራቻውን እጋልባለሁ።»

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል፣ ጨፋ ሜዳ

ማሽላው ታጭዷል፣ ሣሩ በከብት ተግጧል፣ ሜዳው ከመንገዱ እስከ ተራራው ግርጌ የተዘረጋ ምንጣፍ ነው። አሥራ ሰባት ፈረሶች ቆጠርኩ። እዚህ በገንዘብ መወራረድ ሐራም ስለሆነ ማንም ብር አያወጣም፤ ሁሉም ግን አንድ ፈረስ ይዞ ይከራከራል። ለአሸናፊው የሚሰጠው አንድ ጋቢ ነው፤ ወሬው ግን ዓመት ያገለግላል።

አምባላዩን ዞሬ አየሁት። የሚያምር ፈረስ ነው። ግን ከአርጡማ በእግሩ መጥቶ ትናንት ማታ ነው የገባው፤ ብብቱ ላይ የደረቀ ላብ አለ፣ የቀረበለትንም ውኃ አሽትቶ ተወው። ደብተሬ ላይ «ጉራቻ አንደኛ፣ አምባላይ ተጠግቶ ሁለተኛ» ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ አሰመርኩበት። እንዲህ እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም።

ጋላቢዎቹ ወደ ሾላው ሄዱ። መነሻው ከመድረሻው ሩቅ ነው፤ ሰዎቹ ከዚህ ሲታዩ ጉንዳን ያክላሉ። እኔ መድረሻው ላይ ከጉራቻው ባለቤት ከአቶ እንድሪስ ጋር ቆምኩ። ትከሻቸውን ስለሚያማቸው ዘንድሮ አይጋልቡም፤ አፋቸው ግን አላረፈም።

«ይሄ ፈረስ አስተዳደግ አለው፣ ልጄ! በዚህ ቀበሌ ያለ እሱ ሙሽራ የመጣበት ሰርግ የለም። ሁሌ ከአጃቢው ፊት ነው። ደግሞ ጨዋ! የሙሽሪት ደጅ ደርሰን ሴቶቹ እልል ሲሉ ቀጥ ነው። ልጓም አልነካውም፣ ወላሂ። እልልታውን ሲሰማ በራሱ ይቆማል።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ! እንኳን እኔ፣ አገር ያውቀዋል።»

አገር ያውቀዋል። ጋሼ ሙሄም ያውቃሉ። ሁሉም የሚያውቀው ግን እንደ ጨዋነት ነው። እኔ ኮቴ ለካሁ፣ ትንፋሽ ቆጠርኩ፤ ይህ ፈረስ እስከ ዛሬ የሮጠው የት እንደሆነ አልጠየቅኩም። ቀና ብዬ አየሁ። ከመድረሻው በስተግራ መቶ የሚሆኑ ሴቶች ተደርድረው የሚመጣውን ፈረስ በእልልታ ሊቀበሉ ይጠብቃሉ።

ወደ ጋሼ ሙሄ መሮጥ አይታሰብም፤ ሩቅ ናቸው፣ ስልክም አልያዙም። ወደ ሴቶቹ ሮጥኩ። እትዬ ዘይነባን ክንዳቸውን ይዤ በአንድ ትንፋሽ ነገርኳቸው። አንድ ጊዜ ዓይኔን አዩኝና ወደ ሴቶቹ ዞሩ።

«እናንተ! ፈረሶቹ መስመሩን እስኪያልፉ አንዲት እልልታ እንዳልሰማ!»

«ምነው፣ ለቅሶ ነው እንዴ?» አለች አንዷ።

«ጉራቻው እልልታ ሲሰማ ይቆማል። ሰርግ ይመስለዋል።»

ሳቁ አካባቢውን ሞላው። ከአርጡማ የመጣች አንዲት ሴት ግን እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «ታዲያ እኛ ምን አገባን? ለአምባላያችን እልል እንላለን» አለች።

«እልልታ ለደረሰ ነው እንጂ ለሚመጣ ማን እልል ይላል? አምባላዩም በዝምታ ይምጣ፣ የኛም በዝምታ ይምጣ። ወይስ ካልጮኽሽለት አያሸንፍም?» አሉ እትዬ ዘይነባ።

ሴትዮዋ ሳቋ አመለጣት። «እሺ፣ ዝም! እናያለን!»

ከሾላው ሥር ነጭ ጨርቅ ወረደ።

መጀመሪያ አቧራ ብቻ ነበር። ቀጥሎ መሬቱ እግሬ ሥር ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። አንድ ዳማ ፈረስ መርቶ ወጣ፤ ግማሽ ላይ ደከመ። አምባላዩ መጣ። ከኋላው፣ በስድስተኛ ወይም በሰባተኛ፣ ጥቁር ነገር መርዘም ጀመረ። አምስተኛ። ሦስተኛ። ጋሼ ሙሄ አንገቱ ላይ ተኝተዋል፣ ኮፍያቸው የለም። ከአምባላዩ እኩል ሆኑ። አለፉት! አንድ ቁመት፣ ሁለት ቁመት!

መቶ ሴቶች አፋቸውን በሻሻቸው ይዘዋል። እንዲህ ያለ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም፤ ኮቴው ብቻ ነው የሚሰማው። ሃምሳ እርምጃ ቀረ። ሠላሳ።

ከዚያ እልልታ ሰማሁ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሜዳውን የሚሰነጥቅ እልልታ። ማናት ይህች ጉድ ብዬ ዞርኩ። ሴቶቹ ሁሉ የሚያዩት እኔን ነበር።

ጉራቻው አሥራ አምስት እርምጃ ሲቀረው አራት እግሩን ተክሎ ቆመ። ጆሮውን ቀጥ አድርጎ ሙሽራይቱን ይጠብቃል። አምባላዩ በጎኑ አለፈ። ጋሼ ሙሄ አንገቱን አቅፈው ከመውደቅ ተረፉ፤ ጎሽመው ሲያስነሱት አልቆ ነበር። ሁለተኛ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

5 ሰዓት፣ ሜዳው ዳር፣ የዋርካ ጥላ

ጋሼ ሙሄ ፈረሱን ይዘው ብቻቸውን ወደ ጥላው ሄዱ። ቆይቼ ተከተልኳቸው። ላቡን በሣር እያበሱለት ነበር። «ጋሼ» አልኩ።

«ዘይነባ ነግራኛለች» አሉ ሳያዩኝ። «ለካ ድምፅ አለሽ።»

«የመጨረሻዎን ዓመት አበላሸሁብዎ።»

ሣሩን ጣሉት። «ስሚ። ሦስት ዓመት ሁለተኛ ስወጣ ያለፈኝን ሰው ጀርባ እያየሁ ነው ቤቴ የገባሁት። ዛሬ ያለፈኝን ሰው ጀርባ ያየሁት ለአሥራ አምስት እርምጃ ብቻ ነው። ከፊቴ ያለው ሜዳ ባዶ ሲሆን ምን እንደሚመስል ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«እኔም ከዛሬ በፊት አላውቅም ነበር» አሉና በመጨረሻ ቀና ብለው አዩኝ። ፊታቸው ላይ አቧራና እንባ ተደባልቋል፤ ከንፈራቸው ግን ሳቅ ይዟል። «እንዲህ ያለ ሁለተኛ ይዞ ማን ይተኛል!»

እሑድ፣ 4 ሰዓት፣ ኮምቦልቻ

የደሴ መኪና እስኪሞላ ደብተሬን ከፍቼ የትናንቱን ውጤት ጻፍኩ፦ «ጉራቻ፣ ሁለተኛ። ምክንያት፣ ጸሐፊዋ።» ለአንባቢዎቼ መዋሸት አልፈልግም። ከሥሩም ለራሴ አንድ ደንብ ጨመርኩ፤ ወደፊት ማንኛውንም ፈረስ ከመለካቴ በፊት ሥራው ምን እንደሆነ እጠይቃለሁ።

ስልኬ ጮኸ። ጋሼ ሙሄ ናቸው፤ ያለከልካሉ።

«እንድሪስን ለምኜ ፈረሱን እስከ ከርሞ አስቀርቼዋለሁ። ከንጋት ጀምረን ሥራ ላይ ነን። ዘይነባ በሩ ላይ ቆማ እልል ትላለች፣ እኔ አልፋለሁ።»

«ይቆማል?»

«ስድስት ጊዜ ቆሟል። ጠብቂ፣ አትዝጊው፤ ስልኩን ለዘይነባ ልስጣት።» ከዚያ ከሩቅ «ዘይነባ! በይ እስቲ!» ሲሉ ሰማሁ።

የእትዬ ዘይነባ እልልታ ስልኩን ሞላው። በመሐሉ ኮቴ ሰማሁ፤ ቀረበ፣ ጎላ፣ አለፈ፣ እየራቀም ሄደ።