የጋምቢያ ሳምንት

ባለፈው ሰሞን ጎረቤቴ አጥር ሊያስገነባ ሲሚንቶ አስመጥቶ ነበር። ባዶውን ከረጢት ላነሣ ጎንበስ ስል ሽታው አፍንጫዬን መታኝና መምህር ወርቅነህ ትዝ አሉኝ። ሌላው ሰው አስተማሪውን በጠመኔ ያስታውሳል፤ እኔ በሲሚንቶ። በዚያ ዘመን ነገሌ ቦረና ውስጥ ሰፊ ወረቀት ከየት ይገኛል? እሳቸው ከግንበኞች ባዶ ከረጢት እየለመኑ፣ አራግፈው፣ በዱቄት ሙጫ አጣብቀው ካርታ ይሥሉበት ነበር።

ጊዜው ሬዲዮ በየወቅቱ አዲስ ነጻ የወጣ አገር የሚጠራበት ነበር። አባቴ ሃምሳ አለቃ ስለነበረ ከጦር ሰፈሩ አጠገብ፣ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ እንኖራለን። መምህር ወርቅነህ ረጅም ቀጭን ሰው ናቸው፤ የኮታቸው ክርን ተጥፏል። ሚስትም ልጅም የላቸውም። የነበራቸው ማስተማር ብቻ ነው ብል አላጋነንኩም።

አንድ ቀን የአፍሪካ ካርታቸውን ሰቀሉና፣ "ትንንሾቹ ቅኝ ግዛቶች ትልልቆቹ ሳይውጧቸው የራሳቸውን ኅብረት መሥርተው ቢሆን ኖሮስ?" ሲሉ ጠየቁን። ጋምቢያን፣ ጅቡቲን፣ ኮሞሮንና ዛንዚባርን አረንጓዴ ቀብተው ለእያንዳንዱ ተወካይ ሾሙ። እኔ ጋምቢያ ሆንኩ። ቱሜ የምትባል የቦረና ልጅ ደግሞ ዛንዚባር።

ኅብረቱ ገና ሳይመሠረት ጠብ ተነሣ። ማን ይምራ? ጅቡቲ በወደቡ ተኮፈሰ፣ ዛንዚባር በቅርንፉዷ። እኔ ስለ ጋምቢያ የማውቀው ቀጭን መሆኗን ብቻ ስለነበረ ዝም ብዬ ጮህኩ።

መላውን ያመጣችው ቱሜ ናት። "ዱብሉቅ የውሃ ጉድጓዱ፣ ኤላው ጋ አባ ሄሬጋ አለ፤ ከብት ውሃ የሚጠጣበትን ተራ እሱ ነው የሚይዝ" አለች። "ከብትህ መቶ ይሁን አምስት፣ ቀንህ ካልደረሰ አታጠጣም።"

መምህሩ ደስታቸውን የሚያደርጉበት አጡ። ከዚያ ወዲያ አራታችንም በየሳምንቱ ተራ ያዥ ሆንን። ባለተራው የክፍሉን ጠብ ይዳኛል፣ ካርታውንም ቤቱ ወስዶ ይጠብቃል።

ሳምንቴ ሲደርስ ካርታውን ቤት ወስጄ ዘረጋሁት። ነገሌ ነጥብ እንኳ አልተደረገላትም። ሁላችንም ከየአገሩ መጥተን የተጠራቀምንባት፣ ሬዲዮ ስሟን ጠርቶ የማያውቅ ከተማችን አሳዘነችኝ። ኅብረቱ ውስጥ እንድንገባ ብዬ አረንጓዴ እርሳስ አነሣሁና ከጠረፍ ከተማዋ ከዶሎ እስከ ነገሌ ያለውን ሁሉ ቀባሁት።

አባቴ ለምሳ ሲገባ አየው። ዕድሜውን ሙሉ ድንበር የጠበቀ ሰው ነው፤ የያዘው ጉርሻ እጁ ላይ ቀረ።

"ይሄን ማነው የቀባው?"

"የትምህርት ቤት ነው" አልኩ። ካርታው የትምህርት ቤት መሆኑስ እውነት ነው፤ አባቴ የጠየቀኝ ግን ሌላ ነው። ጠቅልሎ ይዞት ወጣ።

በማግስቱ አንድ መኮንን ካርታውን ይዞ ክፍላችን ገባ። "የአገራችንን መሬት ለባዕድ የሰጠው ማነው?" ሲል ጮኸ። መምህሩ ካርታውን አዩ፣ ቀጥለው እኔን አዩኝ። የማን ሳምንት እንደሆነ ያውቃሉ።

"እኔ ነኝ ጌታዬ" አሉ።

መነሣት ነበረብኝ፤ አልተነሣሁም። ፈራሁ። እስከ ዛሬ ያንን አግዳሚ ወንበር ሳስበው አፍራለሁ።

ከማስተማር አነሷቸውና ሻኪሶ የአንድ ጽሕፈት ቤት መዝገብ ያዥ አደረጓቸው። ቅዳሜ ዕለት የጭነት መኪኖች የሚቆሙበት ሄጄ አገኘኋቸው። አለቀስኩ። እሳቸው ግን አልተቆጡኝም።

"ጋምቢያ" አሉኝ፣ "ሰኞ ተራው የዛንዚባር ነው። እንዳትረሺ፣ አስረክቢ።"

"ካርታውን እኮ ወሰዱት፣ ጋሼ!"

"ካርታውን እንጂ ተራውን መች ወሰዱት?" ብለው ጋቢናው ውስጥ ገቡ።

ሰኞ ለቱሜ አስረከብኩ። አዲሱ መምህር ምንም ሳያውቅ፣ ትምህርት ቤት እስኪዘጋ ድረስ ጠባችንን በየሳምንቱ ባለተራው ሲዳኝ ከረመ።

አባቴ ጡረታ ከወጣም በኋላ የመምህር ወርቅነህ ስም በተነሣ ቁጥር "ያ አገር ቆራሽ!" ይል ነበር። እውነቱ ስንት ጊዜ አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። አባቴ እንዳማቸው ሞተ፤ እኔም እንዳማቸው ተውኩት።