ፊርማው ብቻውን ሊቀር ነበር

ለወዳጅ ዘመድ ሁሉ በታላቅ ክብር አስታውቃለሁ፤ ዛሬ መሳለሚያ ፎቶ ኮፒ ቤት «ፕሪንት ፕሪቪው» የሚባል ነገር አየሁ።

በሱቅ ሸራ የተጣሉ ሁለት ጎረቤት ነጋዴዎችን አስታርቄ፣ የዕርቅ ውላቸውን ላስጽፍ ይዣቸው ሄጄ ነው።

«አትሚው» ስላት፣ ታይፕ የምታደርገው ሰዓዳ «ጋሼ፣ መጀመሪያ ወረቀቱ ላይ እንዴት እንደሚወጣ ይዩት» ብላ ስክሪኑን አዞረችልኝ።

ለካ ውሉ አንደኛው ገጽ ላይ አልቆ፣ የፊርማው ቦታ ብቻውን ሁለተኛው ላይ ወርዷል!

«ባዶ ወረቀት አስፈርሞኝ ያሻውን ሊጽፍበት!» ብሎ አንዱ ተነሳ። ዕርቁ ፈረሰ ስል፣ ሰዓዳ መስመሩን አጠጋግታ ፊርማውን ከውሉ ሥር አመጣችው።

ሳይታተም ጥፋቱን የሚያሳይ! ስንት ዘመን ሳስታርቅ እንዲህ ያለ ሽማግሌ አላጋጠመኝም።

ፈርመው ተቃቅፈው አለቀሱ።

እናንተንስ ፕሪንት ፕሪቪው ከምን አድኗችኋል? ጻፉልኝ።

መተቃቀፉንና ለቅሶውን እኔ ነኝ የጨመርኩት። መጨባበጡን ግን ተጨባብጠዋል፣ ፊታቸውን አዙረው።