ቀይ የማያውቅ ድንጋይ

ሜን ካርቲ በአሥራ ሦስት ዓመቷ ከነሕይወቷ ልትቀቀል ነበር። ያኔ ገና የካርቲ እናት አልሆነችም፤ ሩንቲ ነበር የምንላት። አባቷ ከኮራል፣ ከባሕሩ ሕያው ድንጋይ፣ ያቃጠለውን አሥራ ስምንት ከረጢት ጥሬ ኖራ በጀልባ ጭኖ ወደ ባሊ ሲያሻግር፣ እሷ ወደ ጀልባዋ የሚገባውን ውሃ እየጨለፈች ትደፋ ነበር። መሻገሪያው መካከል ላይ ማዕበል ገባባቸው። ጥሬ ኖራ ውሃ ሲነካው ይፈላል። ከረጢቶቹ ጨሱ፣ ከዚያም ተንተከተኩ። አባቷ ዝለይ ሲላት ዘለለች፤ ከጉልበቷ በታች ያለው ቆዳ ግን ቀድሞ ተልጦ ነበር። የተገለበጠችውን ጀልባ ይዘው እስኪመሽ ተንሳፈፉ። በሦስተኛው ወር ዲጅኖዋን ይዛ እንደገና ኮራል ልትሰብር ወረደች። በደሴታችን ሌላ መተዳደሪያ አልነበረም።

ኮራል መስበር ሲከለከል መትከል ተማርን። ከሕያው ኮራል ቅርንጫፍ ቆርጠን፣ ሲሚንቶ ላይ አስረን፣ ባሕር ውስጥ እናሳድጋለን። በዚህ ሥራ ከሜን ካርቲና ከባሏ የሚስተካከል አልነበረም። በቱቦ አየር እየሳቡ አሥራ አምስት ሜትር ይወርዳሉ። ባሏ በሳንባ ሕመም ሲሞት እንደ ልማዳችን ተቀበረ። መንደሩ በየአምስት ዓመቱ ሙታኑን በአንድነት አውጥቶ ያቃጥላል፤ እስከዚያ ነፍሱ አልተሸኘችም። ይህን የሚያደርገው ሸንጎው ነው። ሸንጎ የሌለው ሰው ሬሳውን የሚያነሣለት የለም።

ጠቡ የመጣው በመብራት ነው። ቅርንጫፍ የምንቆርጥባቸውን እናት ኮራሎች ከማዕበል ለማዳን አርባ ገንዳ ያለው ቤት ሠራን። የሸንጎው አለቃ ፓን ገንቶር በገንዳዎቹ ሁሉ ላይ ቀይ መብራት አሰቀለ። ቤቱ ከመንደሩ በስተደቡብ ነው፤ ደቡብ የአምላካችን የብራህማ ነው፤ የብራህማ ቀለም ቀይ ነው። በደቡብ በኩል ሌላ ቀለም መስቀል ለማናችንም አልታየንም። ኮራሎቹም በቀዩ ብርሃን አምረው ነበር።

ሜን ካርቲ ብቻ በሸንጎ ተነሥታ ተቃወመች። ባሕር ከቀለም ሁሉ አስቀድሞ የሚውጠው ቀይን ነው አለች። ታች እጇ ሲቆረጥ ደሟ አረንጓዴ መስሎ እንዳየችው ተናገረች። እነዚህ ኮራሎች ከተፈጠሩ ጀምሮ ሰማያዊ ብርሃን እንጂ ቀይ አያውቁም፤ ያሳምማቸዋል፣ ያነጣቸዋል፣ ይገድላቸዋልም አለች።

ፓን ገንቶር ሳቀ። «የአምላክ ቀለም በሽታ ሆነ በይና!»

«አምላክዎን አልነካሁም» አለችው። «አምፖልዎን ነው።»

ከኋላ በእሱ የሳቁ ነበሩ፤ የጎዳትም ያ ሳቅ ነው። ፓን ገንቶር አምላክ ተሰድቧል ብሎ እጅ አስወጣ። ሁላችንም አወጣን፤ እኔም አውጥቻለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም እንዳያናግራት፣ እሳት እንዳይጭርላት፣ የእሷንም ሆነ የባሏን ሬሳ እንዳያነሣ ተወሰነ። ሙታን የሚቃጠሉበት ቀን ሰባት ወር ቀርቶት ነበር። መሥዋዕት አቅርባ «ተሳሳትሁ» ካለች ይፈታላታል። አላለችም።

የሚያናግራት ስታጣ አሳማዋን ማናገር ጀመረች፤ ያውም መንገድ ዳር፣ ጮክ ብላ። «ስማ አንተ ወፍራም፣ ዛሬስ ስንቱ ኮራል ነጣ ይላሉ? አለቃችን እኮ ሊቅ ነው። ነገ ደግሞ ዓሣ ዛፍ ላይ ያረባልናል።»

የፓን ገንቶር ሚስት ከአጥሩ ወዲያ ለዶሮዋ መለሰች። «ዶሮዬ፣ ጆሮ አትስጫት። ባሏን ጉድጓድ ውስጥ ትታ ከአሳማ ጋር የምትጫወት ሴት ምን ቁም ነገር አላት?»

ሜን ካርቲ አሳማውን እየነዳች ቤቷ ገባች።

በሁለተኛው ወር የኮራሎቹ ቡኒ መልክ ሳሳ። በአራተኛው በአሥራ ዘጠኝ ገንዳ ያሉት እንደ ኖራ ነጡ። ፓን ገንቶር መጀመሪያ ጨው በዝቶ ነው አለ፤ ቀጥሎ ወቅቱ ነው አለ፤ በመጨረሻም ሴትዮዋ መተት አድርጋባቸው ነው አለ። ይህን የሚያምኑ ነበሩ። ቤቷን እናቃጥል የሚልም ተሰማ።

በሸንጎ ቀን አሳማዋን በገመድ እየጎተተች መጥታ ደጃፉ ላይ ቆመች። «ለዚያ ሰውዬ ንገርልኝ» አለችው አሳማውን። «ያን ቀይ ሻሹን እንደጠመጠመ ከእኔ ጋር ይውረድ። ታች ደርሰን ሻሹ ቀይ ከሆነ፣ እዚህ ተንበርክኬ ምሕረት እለምናለሁ፤ ባሌም ሳይቃጠል ይቅር።»

የሳቀ የለም። ፓን ገንቶር ባሕር ከወረደ ዘጠኝ ዓመት ሆኖት ነበር፤ በሰው ሁሉ ፊት ግን እምቢ ማለት አልቻለም። እሷን ላለማናገር ወደ እኔ ዞሮ፣ ጠዋት ጀልባ አዘጋጅ፣ ምስክርም ትሆናለህ አለኝ።

ሦስታችንም ወረድን። አምስት ሜትር ላይ ሻሹ የደረቀ ደም መሰለ። አሥር ላይ ቡኒ ሆነ። አሥራ አምስት ላይ የድስት ጥላሸት ነበር። ፓን ገንቶር ፈትቶ ገለበጠው፣ ወደ ዓይኑ አስጠጋው፣ ከዚያ ወደ እኔ አየ። በዙሪያችን ኮራሎቹ በሰማያዊው ብርሃን ውስጥ ደህና ነበሩ። ሜን ካርቲ ዘወር ብላም አላየችው፤ ኮራል የሚበሉትን ቀንድ አውጣዎች አንድ በአንድ ትለቅም ነበር።

ስንወጣ ሻሹ እንደገና ቀላ። «ውሃው ደፍርሶ ነው» አለ።

«አልደፈረሰም» አልሁት። በሕይወቴ ያን ሰው ስቃወመው የመጀመሪያዬ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሰማያዊ መብራት ተሰቀለ። ፓን ገንቶር ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ነው የመከረኝ አለ። ሃያ አንዱ ገንዳ ቀስ በቀስ አገገመ፤ አሥራ ዘጠኙ አልተመለሰም። ውግዘቱን ግን አላነሣም። መሥዋዕቱን ታቅርብ፣ ቃሉንም ትበል ብሎ ድርቅ አለ። ለማቃጠያው አርባ ቀን ቀርቷል። እኛ እልኸኛነቷን ስለምናውቅ ባሏ መሬት ውስጥ ቀረ አልን።

ጨረቃ በሞላችበት ቀን ሩዝና ዳክዬ፣ ነጭ ጨርቅም ያለበትን መሥዋዕት በአናቷ ተሸክማ መጣች። ፓን ገንቶር ተቀምጦ ይጠብቃታል። በፊቱ አልፋ ሄደች። ወደ ገንዳው ቤት ገብታ በነጡት ኮራሎች ፊት አስቀመጠችና ተንበረከከች። «ተሳሳትሁ» አለች፤ ለእነርሱ ነበር የተናገረችው።

ፓን ገንቶር ለእኛ አልተናገረችም ብሎ ተቆጣ። የቤተ መቅደሱ ሽማግሌ ካህን ግን ጠበሉን እየረጩ፣ «ቃሉን ጠየቅህ፣ ቃሉን አገኘህ» አሉት። ነገሩ በዚያ አበቃ፤ ውግዘቱም ተነሣ።

ባሏ ከሌሎቹ ጋር ተቃጠለ፤ ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነኝ። ፓን ገንቶር እስኪሞት ድረስ አላናገራትም፣ እሷም አላናገረችውም። ሲሞት እንደ መንደሩ ግዴታ ቤቱ ሄዳ ሩዝ ቀቀለች፤ ከሚስቱ ጋር ግን ቃል አልተለዋወጠችም።

ካረጀች በኋላ፣ በዚያ ሁሉ መከራ ከሁሉ የበለጠብሽ ምን ነበር፣ የባልሽ ነፍስ ነው ወይስ እውነቱ ብዬ ጠየቅኋት። ጠባሳ እግሯን ባሕሩ ውስጥ ነክራ ተቀምጣ ነበር።

«አሥራ አንድ ዓመት ሕያው ድንጋይ ሰብሬ አቃጥያለሁ» አለችኝ። «ያኔ ኃጢአት ነው ያለኝ የለም። ገንዳው ውስጥ ሲነጡ ያየሁት ያንኑ የምድጃችንን ኖራ ነው፤ ሁለተኛ ላቃጥላቸው አልፈለግሁም። ባሌን የሚያነሣ ቢታጣ በጀርባዬ አዝዬ አወጣው ነበር። እነርሱን ግን ማን ያነሣቸዋል? ያን ሰውዬ እንደሆነ ሞቶም አልወደውም።»