ከካናቴራው ጀርባ የተሰፋችው ኳስ

ባሌ ሲተኛ ትንፋሹ ይቆማል። ማንኮራፋቱን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ ዝምታውን የማውቀው ግን እኔ ብቻ ነበርኩ። ድንገት ጸጥ ሲል በክርኔ ጎኑን እጎስመዋለሁ፤ ሐይቅ ውስጥ ሰምጦ እንደወጣ ሰው አየሩን ስቦ ይቀጥላል። ሦስት ዓመት እንዲህ ሳድር ኖርኩ። ይርጋለም ያለችው እናቴ አልጋ ላይ ከዋለች ወር አልፏት ነበር። ይርጋለም ከአዋሳ ምን ያህል ነው? ግን አንድ ሌሊት ጥዬው ማደር አልቻልኩም፤ ብሄድ ማን ይጎስምልኛል? ባል አገባሁ ብዬ ዘበኛ ሆኜ አረፍኩት!

የጤና ጣቢያው ሐኪም «ተንጋሎ ሲተኛ ነው ጉሮሮው የሚዘጋበት። ካናቴራው ጀርባ ላይ ኪስ ስፊና ኳስ ክተቺበት፤ ሲንጋለል ይቆረቁረውና በጎኑ ይዞራል» አለኝ። ፒያሳ ሄጄ የቴኒስ ኳስ ገዛሁና ካናቴራው ጀርባ ላይ ሰፋሁት።

ባሌ ሲያየው «ግመል ልታደርጊኝ ነው?» ብሎ ወረወረው። ለመንኩት፣ ለበሰው፤ ሲነጋ ካናቴራውን አልጋ ሥር አገኘሁት። በነጋታውም እንደዚያው። በመጨረሻ ንድድ አለኝና «እሺ፣ አትልበስ! እናቴ ስትሞት ግን ለቅሶዋ ላይ ዓይንህን እንዳላየው» አልኩት። ደነገጠ። ከዚያ ወዲህ ሌሊት አላወለቀውም። ሁለት ሳምንት ክርኔ ሲያርፍ ሻንጣዬን አዘጋጀሁ።

በምሄድበት ቀን ጠዋት የተደበቀ መሣሪያ ፍለጋ ለአሰሳ የወጡ የቀበሌ ጠባቂዎች ጠመንጃ ይዘው ገቡ። ባሌ ተረኛ ሆኖ ሰፈር ሲጠብቅ አድሮ ገና መግባቱ ነው። አንደኛው ካናቴራውን ከአልጋው ላይ አነሳ፣ ጉብታውን ዳበሰና ወደ ኋላ ዘለለ። «ቦምብ!»

«ኧረ ኳስ ነው!» ብል ማን ሰምቶኝ። በሳንጃ ቀደው አወጧት። ኳስ መሆኗን ሲያዩ ደግሞ አለቃቸው «ኳስ ጀርባው ላይ ሰፍቶ የሚተኛ ሰው አለ? የምን ምልክት ነው?» አለ። ባሌ በሀፍረት እየተንተባተበ አስረዳ።

«እስቲ ተኛና አሳየን!»

እኔን ግድግዳ ጥግ አቆሙኝና «ንቅንቅ እንዳትዪ» አሉኝ። ሰው ጠመንጃ ተደግኖበት እንቅልፍ ይወስደዋል? የኔው ጉድ ተንጋለለና ወዲያው አንኮራፋ። ሳቁ። ከዚያ ጸጥ አለ። አሁንም ይስቃሉ። ክርኔ ሳላዘው ግድግዳውን ይጎስማል። አምላኬ፣ ሦስት ዓመት ጠብቄው ዛሬ ቆሜ እያየሁት ሊሞትብኝ ነው!

«ትንፋሹ ቆሟል፣ ልቀቁኝ!» ብዬ ጮህኩ።

አለቃቸው ፊቱን ሲያየው ሳቁ ጠፋ። ራሱ ዘሎ ትከሻውን ናጠው፤ ባሌ አየሩን ስቦ ነቃ። ሰውየው ላቡን ጠረገ። ቢሆንም ኳሷን «ትመረመራለች» ብሎ ኪሱ ከትቶ ወጣ።

ሻንጣዬን መፍታት ጀመርኩ። ባሌ ጓዳ ገባና ድንችና መርፌ ይዞ ተመለሰ። «ክሩን አስገቢልኝና አውቶቡሱ ሳያመልጥሽ ሂጂ» አለኝ። ግመል አይደለሁም ያለው ሰውዬ አጎንብሶ የተቀደደውን ኪስ ድንቿ ላይ ሲሰፋ አልቅሼ ወጣሁ።

ይርጋለም እናቴ ጎን አደርኩ። ሲነጋ ጎኗን ይዛ «ልጄ፣ ምን በድዬሽ ነው ሌሊቱን ሙሉ ስትጎስሚኝ ያደርሽው?» አለችኝ። ሁሉን ነገርኳት። «በይ ተነሺ፣ ሂጂለት» አለችኝ።

እንድታስቀረኝ ነበር የፈለግኩት። ተነስቼ ሄድኩ። ከዚያ በኋላ በሕይወት አላገኘኋትም፤ ለቅሶዋ ላይ ከኔ ይልቅ ባሌ አለቀሰ።