«ትንሿ አትጠገንም»

ካዛንቺስ ባለው የጥገና ሱቅ ሥራ በጀመርኩ ዕለት አለቃዬ ጋሽ ደምሴ ትልቁን ፕሌስቴሽን ፊቴ አስቀመጡ። «ፍቺውና መልሰሽ ግጠሚው» አሉኝ። ብሎኖቹን በየተራቸው ደረደርኩ፣ አቧራውን በብሩሽ ጠረግሁ፣ ሲዲ የሚያነበውን ሌንስ በአልኮል ወለወልኩ። ስገጥመው ሠራ። ጋሽ ደምሴ ጎበዝ አስተማሪ ነበሩ፤ ይህን አልክድም።

ሚሊኒየሙ ሲቃረብ ትንሿ ፕሌስቴሽን መጣች። ጌሙ ያው ነው፣ እሷ ግን እንደ ደብተር የቀጠነች ናት። በትልቁ ሆድ ውስጥ የነበረው የኃይል ክፍል ወጥቶ ለብቻው አዳፕተር ሆኗል። እኔ ደስ አለኝ። መብራት ሲዋዥቅ አዳፕተሩ ቢቃጠል እንኳ ዋናው ዕቃ ብዙ ጊዜ ይተርፋል።

ጋሽ ደምሴ ትንሿን መሸጥ ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ ደንበኛ የተበላሸች ሲያመጣላቸው መልሳቸው አንድ ሆነ፦ «ይቺ አትጠገንም። ሌላ መግዛት ነው።»

«እስቲ ልክፈታት» ስላቸው፣ «አንቺ ሥራሽን ሥሪ» ይሉኛል።

አንድ ጊዜ ሞታለች ብለው ከደንበኛ ያስቀሯትን አንዷን፣ አዳፕተሯን ብቻ ቀይረው ለሌላ ሰው ሲሸጧት አየሁ። ደንበኛው ተመልሶ ስላልመጣ ልነግረው አልቻልኩም።

ብዙም ሳይቆይ ወይዘሮ አልማዝ መጡ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ኡራኤል ባለው ቤታቸው ሳሎን ውስጥ በክፍያ ጌም እያጫወቱ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ሴት ናቸው። ትንሿን በፎጣ ጠቅልለው፣ አዳፕተሯን በእጃቸው ይዘዋል።

ጋሽ ደምሴ ሳይነኳት፣ «ሞታለች እናቴ» አሏቸው።

«ጠዋት ስትሠራ ነበር እኮ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ነው እምቢ ያለችው።»

«በቃ ተቃጥላለች። እዚሁ ይተዉልኝና አዲስ ልሽጥልዎት።»

እኔ ጣልቃ ገባሁ። አዳፕተሩን ከወይዘሮ አልማዝ እጅ ተቀብዬ በቴስተር ለካሁት፤ ምንም ኃይል አይሰጥም። የሱቁን አዳፕተር ስሰካላት ትንሿ አረንጓዴ አበራች።

ወይዘሮ አልማዝ ወደ ጋሽ ደምሴ ዞሩ። «ጌታዬ፣ ይህን ሳያውቁ ቀርተው ነው?» አሏቸው ቀስ ብለው።

ጋሽ ደምሴ የሱቁን አዳፕተር ነቀሉ። እኔን፣ «ዕቃሽን ሰብስቢና ውጪ» አሉኝ።

ቴስተሬንና መፍቻዎቼን ይዤ ወጣሁ። መባረሩን ረስቼዋለሁ። ሌንስ ማጽዳት ያስተማሩኝ ሰው እኚያን ሴት ዓይን ዓይናቸውን እያዩ መዋሸታቸው ግን ዛሬም ያንገበግበኛል።

ወይዘሮ አልማዝ ትንሿን ይዘው ተከተሉኝና በሳሎናቸው ጥግ ጠረጴዛ ሰጡኝ። በራሴ ስም መጠገን የጀመርኩት እዚያ ነው።

ሙያውን ለምትጀምሩ የምለው ይህን ነው፦ የደንበኛን ዕቃ ደንበኛው ፊት ክፈቱ።